ሜዳ ክንድ

የወይዘሮ ኤልዳና ክንድ አላበጠም።

ደብረ ብርሃን፣ የቀበሌ ዘጠኝ የንባብ ጣቢያ፣ ሐምሌ አምስት ቀን 2071 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ማሽኑ ክንዳቸውን ከትከሻ እስከ አንጓ ሁለት ጊዜ ቃኘና «ሜዳ» አለ። ሜዳ ማለት ያላበጠ ማለት ነው። ትናንት በዚሁ ሰዓት ክንዳቸውን ሣጥኑ ውስጥ ከተው፣ አንዲት የመንግሥት ቢንቢ ሆዷ እስኪቀላ ድረስ ስትጠጣ በዓይናቸው አይተዋል። የጣቢያው አንባቢም አይቷል። ቢንቢዋ ራሷ ብትጠየቅ አትክድም ነበር። የካዳቸው የገዛ ክንዳቸው ነው።

«ነክሳኛለች እኮ ልጄ» አሉ።

«መንከሷንማ ነክሳዎታለች እናቴ» አለ አንባቢው። ወንድይፍራው ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ትሑት፣ ሰው ሲያዝንበት የሚጨንቀው ልጅ ነው። «ግን ሰውነትዎ መመስከር አለበት። ስምንት ሚሊ ካላበጠ ክትባቱ አልያዘም ነው የሚባለው።»

«ለምዶት ነዋ! እኔ መተሐራ ተወልጄ፣ መተሐራ አድጌ፣ ስንት ሺህ ቢንቢ በልቶኛል። ስንቱን አብጬ እዘልቀዋለሁ?»

«ይገባኛል። ማሽኑ ግን መተሐራን አያውቃትም» አለና አንድ ዕድል ብቻ እንደቀራቸው የሚገልጽ ወረቀት ሰጣቸው።

ደብረ ብርሃን በአንድ ወቅት ብርዷ የሚወራላት ከተማ ነበረች ብሎ ለልጅ መንገር ዛሬ ተረት ተረት እንደ ማለት ነው፤ ልጁ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ብርድ ልብስ ይሸጥበት የነበረው ገበያ አጎበር ይሸጥበታል። ቢንቢው ከቆላ ወደ ላይ ሲወጣ ሰዉ መጀመሪያ ተዋጋው፣ ቀጥሎ ለመነው፣ በመጨረሻ ቀጠረው። ወረቀት ላይ ስሟ ጤና አድራሽ ትንኝ ነው፤ ክትባቱን በምራቋ ይዛ ትዞራለች። ደጋው ቆዳው ለነገሩ እንግዳ ስለሆነ አንዴ ስትነክሰው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ስለዚህ ያበጠ ሰው የታመነ ሰው ሆነ። ሸሚዝ ባለ አንድ እጅጌ ሆኖ መሰፋት ጀመረ። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ ከዘሩና ከሙያው በፊት «ልጃችሁ ስንት ሚሊ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ከተነከሱ በኋላ እስከ ንባቡ ድረስ ማከክ ክልክል ነው። እብጠቱ ላይ በረዶ መያዝ፣ ሎሚ ማሸት፣ እሬት መቀባት፣ ቀዝቃዛ ማንኪያ መጫን፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ማጥፋት ይባላሉ። «እከክልኝ ልከክልህ» የሚለው የጥንት አባባልም ወንጀልን ያበረታታል ተብሎ ከመማሪያ መጻሕፍት ወጥቷል። ያለፈ ሰው ሰማያዊ ቅባት በነፃ ይሰጠዋል። ከማለፉ በፊት ግን እያንገበገበው ችሎ መቀመጥ ነው፤ ዜግነት እንዲህ ናት።

ወይዘሮ ኤልዳና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ስማቸው የአሮጊት ስም ነው፤ ኤልዳናዎቹ፣ ሶልያናዎቹ፣ ማራናታዎቹ ሁሉ ዛሬ አያቶች ናቸው። እሳቸው ግን ለአንድ ልጃቸው ዘመናዊ ስም መርጠው ድንቅነሽ አሏት። ድንቅነሽ ደብረ ብርሃን አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ዘጠነኛ ወሯ ላይ አራስ ቤት ገብታለች። አራስ ቤቱ ደግሞ «አብጧል» የሚል ወረቀት የሌለውን ሰው፣ እናትም ትሁን ጳጳስ፣ በበሩ አያሳልፍም። ወይዘሮ ኤልዳና ከመተሐራ የመጡት ለዚህ ነው፦ ልጃቸው ስታምጥ ወገቧን ሊይዙ፣ ከዚያም እስከ ክርስትናው ገንፎዋን ሊያገነፉ። ልጇ ስትወልድ ያልደረሰች እናት ምን እናት ናት? እሳቸው ራሳቸው ድንቅነሽን ሲወልዱ እናታቸው ሞተው ነበር፤ ያን ቀን ማን እንዳዋለዳቸው እንኳ አያስታውሱም፣ ማን እንዳልነበረ ነው የሚያስታውሱት።

ከጣቢያው ወጥተው በቀጥታ አራስ ቤት ሄዱ። ጠያቂ ከውጭ፣ እርጉዝ ከውስጥ ሆኖ በመረብ መስኮት ይነጋገራል።

«እማ፣ አበጥሽ?» አለች ድንቅነሽ።

«ትንሽ ቀረኝ።»

«ምን ያህል?»

«ስምንት ሚሊ።»

ድንቅነሽ ስቃ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። «እማ፣ እኔ እፈራለሁ። እዚህ ውስጥ አልጋው ነው የሚያናግረኝ። ‹አይዞሽ› ይለኛል፣ ድምፁን ብትሰሚው። አልጋ እንዴት አይዞሽ ይላል? አንቺ ካልገባሽ አልወልድም።»

«ልጅ መውለድ በአንቺ ፈቃድ መሰለሽ» አሉ። ያን ጊዜ ነው በልባቸው የማሉት፤ ከሣጥኑ ጋር መሞት ካለባቸውም ሞተው ይገባሉ።

አማቻቸው ጎሹ ነገሩን በዘዴ ያዘው። ጎሹ አንድ ንክሻ ጆሮውን እንደ ድፎ የሚነፋው የታደለ ሰው ነው፤ የሠላሳ አንድ ሚሊ ወረቀቱ ሳሎን ውስጥ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ማሽኑ ክንድ ብቻ ሳይሆን ምሬትም እንደሚመዝን፣ ክንዱ ለጎደለ ሰው አፉ እንደሚሞላለት ነገራቸው።

«ስለዚህ ያማርራሉ። እስቲ ይበሉ፣ ያንገበግበኛል።»

«ያንገበግ... ኧረ አያደርገኝም ልጄ።»

«ባያደርግዎትም ነዋ እማዬ! እንቅልፍ ነሣኝ ይበሉ። ቆዳዬን ገፍፌ ብጥለው ይበሉ።»

ወይዘሮ ኤልዳና ሞከሩ። መተሐራ ላይ ቢንቢ በላኝ ብሎ የሚያለቃቅስ ሰው ይሳቅበታል፤ እናታቸው «ለቢንቢ ያለቀሰ ለጅብ ምን ሊተርፈው ነው» ይሉ ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዋጡትን ምሬት በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስወጣት ቀላል አልነበረም። ቢሆንም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «እየነደድኩ ነው» የምትለዋን እንባ አቅርረው ማለት ቻሉ። ጎሹ አጨበጨበላቸው።

በነጋታው ሁለተኛዋ ቢንቢ ነከሰቻቸው። ቤት ገብተው የተነከሱበትን ቦታ በጥፍራቸው ቆነጠጡ፣ ፈገፈጉ፣ ቧጠጡ። ቆዳቸው ቀላ፣ ትንሽም ተላጠ፤ አላበጠም። እንግዲህ የቀራቸው አፋቸው ነበር። በማግስቱ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ መንገዱን ሁሉ «እየነደድኩ ነው፣ እንቅልፍ ነሣኝ፣ ያንገበግበኛል» እያሉ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ክንዳቸውን ዘረጉ። ማሽኑ ሞቅ ባለ የሴት ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ እናት፣ እንደምን አደሩ?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «ቤተሰብ ደህና?»

«ምሬት፣ ዜሮ። ክንድ፣ ሜዳ» አለ ማሽኑ።

ወንድይፍራው ዓይኑን ጨፈነ። ይህ ስሕተት በየቀኑ የሚደርስ ነበር። ጉበቱ የከዳውም፣ እግሩ የተቆረጠውም፣ እንደምን አደርክ ሲባል መጀመሪያ ይመስገን ይላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ግን ሰላምታን ጥያቄ ነው ብለው አስበው ነበር።

«እየነደድኩ ነው!» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «እንቅልፍ ነሣኝ!»

«ንባቡ ተጠናቋል። መልካም ቀን» አለ ማሽኑ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወንድይፍራው አጠገባቸው ተንበርክኮ የተላጠውን ክንዳቸውን አየ።

«ምን አደረጉት?»

«እንዲያብጥ ብዬ ነው።»

«ውይ እናቴን» አለና ሰማያዊውን ቅባት ከኪሱ አወጣ። ለወደቀ ሰው ቅባት አይፈቀድም፤ ግን የወደቀ ሰው የሚጠፋ ማስረጃም የለውም፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። የተላጠውን ቦታ በስሱ ቀባላቸው። ቅባቱ ሽቶ ሽቶ ይል ነበር።

ወይዘሮ ኤልዳና አመስግነው ወጡ። የአጥሩ በር ሳይደርሱ ክንዳቸው ሞቀ። ቀጥሎ በላ። ከዚያ ያንገበግባቸው ጀመር። «ለካ ሰው የሚያወራው ይህንን ነው» አሉ ለራሳቸው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደገኞች ሁሉ ሲያጋንኑ ነበር የሚመስላቸው። እጅጌያቸውን ቢሰበስቡ ክንዳቸው ከአንጓ እስከ ክርን ተነፍቷል። ስንት ሺህ ቢንቢ ያልቻለውን መድኃኒቱ ቻለው።

ውጤቱን ያልተቀበለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳግም ማስነበብ ይችላል። ተመልሰው ክንዳቸውን ለወንድይፍራው አሳዩት። ልጁ አየው፣ ነካው፣ አሸተተው።

«ይሄ የቢንቢ አይደለም እናቴ።»

«አይደለም። ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ አሁን ጎሹ ደወለልኝ።»

ወንድይፍራው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «ማሽኑ ስንት እንዳበጠ ነው የሚጠይቀው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን እንዳሳበጠው አይጠይቅም።» ክንዳቸውን ይዞ አስገባው። ስድሳ ሁለት ሚሊ። የጣቢያው ክብረ ወሰን ሆነ። ልጁ ወረቀቱን ሲያቀብላቸው ሌላ ነገር አልፈለገም፣ «ይመርቁኝ» ብቻ አለ።

«የሚያክልህ አትጣ» አሉት። ወንድይፍራው ሳቀና የሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ።

ደረሱላት። አልጋው «አይዞሽ» ሲል «አንተ ዝም በል» አሉት፣ ዝምም አለ። የልጃቸውን ወገብ ይዘው ስድስት ሰዓት ቆሙ። በእብጠት የተወጠረ ክንዳቸው እያቃጠላቸው፣ «ማርያም ማርያም» እያሉ፣ አንድ ጊዜ እየሳቁ አንድ ጊዜ እያለቀሱ፣ አመሻሹ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ድንቅነሽ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር» አለች። እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቁም። ለሦስት ቀን ገንፎ አገነፉ፣ ልጅቱን አጠቡ፣ አልጋውን ሰደቡ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፍቶ ክንዳቸው እንደ ዱሮው ሆነ።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ወንድይፍራው ትንሿን ሣጥን ይዞ መጣ፤ አራስ ቤቱም የእሱ ተራ ነበር። የሕፃን ንባብ እንደ አዋቂው በማግስቱ አይደለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ጉንጯን ተነክሳ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ትነበባለች። በዘጠኝ ሰዓት የሕፃኗ ጉንጭ ወተት የመሰለ እንደሆነ ነበር።

«ሜዳ» አለ ማሽኑ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነከሰ ገላ አያብጥም። ቢንቢ ምን እንደሆነች ገና አያውቃትምና። አለማወቅና ከልክ በላይ ማወቅ ማሽኑ ፊት አንድ ናቸው፤ ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ከሁሉ በፊት ገባቸው። ደንቡ ግን አጭር ነበር። ሜዳ የሆነ ሕፃን እስኪያብጥ ድረስ ሜዳ ክፍል ይገባል። ያበጠ ሰው እዚያ አይገባም፣ እናትም ብትሆን። ወተቱ በቀዳዳ ይተላለፋል፤ አልጋው ይወዘውዛታል።

«አልጋው?» አለች ድንቅነሽ። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። «ልጄን ለአልጋ? ገድላችሁኝ ውሰዷት።»

ወንድይፍራው መሬት መሬት እያየ፣ አብሮ መግባት የሚችል ዘመድ ካለ እሱም ሜዳ መሆን እንዳለበት፣ ሜዳ ደግሞ በዚህ ከተማ እንደሌለ ተናገረ።

«አለ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «እኔ አለሁ።»

የልጁ ፊት ነጣ። ወረቀቱ ሐሰት ከሆነ የፈረመው እሱ ነው። አሮጊቷም አዩት፤ ስለዚህ ቃላቸውን መረጡ።

«አታስብ። አብጬ ነበር፣ ከሰመ። ያበጠ መቼም አይከስም አልተባለም። አሁን አንብበኝ።»

ወንድይፍራው ትንፋሹ ተመለሰ። «ከሰመ የሚል መዝገብ አለ» አለ። «ግን እናቴ፣ ይወቁት። ከሰመ ተብሎ የተመዘገበ ሰው እስከ ሰማንያ ቀን ዳግም አይነበብም። ሕፃኗ ነገ አብጣ ብትወጣ እንኳ እርስዎ እዚያው ነዎት። አራሷን በመስኮት ካልሆነ አያዩዋትም።»

ድንቅነሽ ቀና አለች። «እማ፣ እኔንስ? ለእኔ ብለሽ አይደል የመጣሽው?»

ወይዘሮ ኤልዳና ልባቸው ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ ይህን ለማንም አልደበቁም፣ እንባቸው በአገጫቸው ይወርድ ነበር። «ለአንቺ ነው የመጣሁት። አንቺ ግን አፍ አለሽ፣ ባል አለሽ፣ ሲከፋሽ ትናገሪያለሽ። እሷ ማን አላት? ያለ ሰው አትደር» አሉ። ክንዳቸውን ማሽኑ ውስጥ ከተቱ። «ሜዳ» አለ። ሕፃኗን ተቀብለው ገቡ።

ሜዳ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ የሚናገር አልጋ፣ አንድ የመረብ መስኮት አለው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሣጥኑ ይመጣል፣ በዘጠኝ ሰዓት ማሽኑ «ሜዳ» ይላል። ድንቅነሽ በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱ ጋ ትመጣለች፣ ያበጠ ክንዷን ሰው ሁሉ እያደነቀላት፣ ያቺን ክንድ ቆርጣ ብትጥላት ደስ እያላት። ወይዘሮ ኤልዳና ለእመቤታችን ጃንጥላ ተሳሉ፤ የልጅ ልጃቸው እንድታብጥ። እንዲህ ያለ ስለት ከዚያ በፊት የተሳለ ሰው መኖሩን አያውቁም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከዓይኗ ሥር ያለው ጉንጭ ቀላ። ቀጥሎ ከፍ አለ። ሕፃኗ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ወይዘሮ ኤልዳና እንዲህ ያለውን ጩኸት ያውቁታል። መፍትሔውንም ያውቁታል፤ ቆላ ያደገች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ አሥር ደቂቃ መያዝ ነው፣ ወይም ቀዝቃዛ ማንኪያ። አሥር ደቂቃ። እብጠቱ ይተኛል፣ ማሳከኩ ይበርዳል፣ ልጅቷም ትተኛለች። ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የውሃው ብርጭቆ አጠገቡ ነበር። ንባቡ ግን በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ማንኪያውን አነሡት። ውሃው ውስጥ ከተቱት፣ አወጡት፣ ጠረጉት፣ መልሰው አስቀመጡት። ሁለተኛም እንዲሁ አደረጉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን በወተቱ ማስተላለፊያ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወረወሩት።

ከዚያ የሕፃኗን ሁለት እጆች በካልሲ አስረው፣ ፊቷን እንዳትቧጥጥ በገዛ መዳፋቸው ያዙ። እንደዚህ ሆነው ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ልጅቱ ስትጮህ ጮኸች፣ ስትደክም አቃሰተች፣ ኃይል ስታገኝ እንደገና ጮኸች። «በይ ቻይ፣ በይ ቻይ የኔ እናት» ይሏታል። አልጋው «አይዞሽ» ሲል ዝም በል እንኳ አላሉትም። እነዚያን እጆች መያዝ ወገብ ከመያዝ ይከብዳል። አንድ ጊዜ «ምን ዓይነት አያት ነኝ» አሉ ጮክ ብለው።

በዘጠኝ ሰዓት ወንድይፍራው ገባ። ማሽኑ ዘጠኝ ሚሊ አለ፣ አንድ ሚሊ ትርፍ።

«እልል ይበሉ እንጂ እናቴ» አለ ልጁ፣ እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ጉንጯን ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙላት» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «ቶሎ። አሁኑኑ።» ሕፃኗን አቀበሉት። በሩ ተከፈተና ተዘጋ።

ጥቂት ቆይቶ ድንቅነሽ ልጇን ታቅፋ መስኮቱ ጋ መጣች። ሕፃኗ ጡት ይዛለች፣ ጉንጯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ድንቅነሽ አንድ ጊዜ ወደ ልጇ አንድ ጊዜ ወደ እናቷ እያየች ትስቃለች።

«ስድሳ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረሽ እማ፣ ጎሹ ቆጥሮታል። በየቀኑ ይዣት እመጣለሁ።» ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ እብጠቱን አየችውና ሳቋ ቆመ። «እንዴት ያበጠ ነው... አሳከካት እንዴ? ብዙ አለቀሰች?»

የወይዘሮ ኤልዳና ቀሚስ ደረቱ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት።

«አንዴም» አሉ።